ስለት ያለበት ሣጥን

ቲዬር ገደል ላይ ናት፣ ቤት በቤት ላይ ቆሞ፤
ዱሮል የሚሉት ወንዝ ከሥሯ አጉረምርሞ
ሞረድ ያዞር ነበር፤ ስለት አውጪው፣ ጥንቱ፣
በሆዱ ተኝቶ፣ አፍንጫው ከብረቱ፣
ውሻው ከባቱ ላይ፣ እንዲሞቀው ክረምቱ።
የኦዲሎን አባት እዚያው ነው ያረጀው፤
ሲስል ኖረ፣ አሉኝ፤ ሲስል ነው የሞተው፤
የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን ዘጋው።
(ሁለቱን በአንድ ቃል የሚል ቋንቋ የኔ ነው፤
በእነሱ አይገጥምም። ለኦዲሎን ነገርኩት፤
አልሳቀም፤ አልከፋውም፤ «ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩት።)

ሊሞት ዓመት ሲቀረው፣ ከአንድ ብረት ቆርጦ፣
ሁለት ሰንጢ ሠራ፣ ቀንድ እጀታ መርጦ፤
በሰማያዊ ወረቀት፣ በካርቶን ሸጉጦ፣
ሲባጎውን አስሮ፣ ቀይ ሰም አቅልጦ፣
በአውራ ጣቱ አተመው፣ ትኩሱን ረግጦ።
አንዱን ለአርማንስ፣ አንዱን ለወንድሟ።

አርማንስ በዚያው ማታ ሲባጎውን ፈታች፤
ዳቦ ቆረሰችበት፣ እንጉዳይ ለቀመች፣
የፍየል ግልገል እትብት፣ የወይን ሐረግ ቆረጠች፣
በሠርጓ ቀን የቀሚሷን ትርፍ ክር በጠሰች።
ስልሳ ዓመት ተስላ ተስላ ሰንጢዋ ሳሳች፤
እንደ ገብስ ቅጠል ሆነች። ጸጉር ግን ትሰነጥቃለች።

ኦዲሎን የራሱን ከቁም ሣጥን አኖረ፤
ለፋሲካ ለፋሲካ አቧራ እያራገፈ ኖረ።
«የአባቴ አውራ ጣት እዚህ ሰም ላይ አለ፤
መስመሩ ይቆጠራል፤ ከከፈትኩት ቀለለ፤
ከዚያ ወዲያ ቢላ ነው። ቢላ መቼ ጠፋ?»
«አባባ የሠራው ቢላውን ነው» ትላለች አርማንስ፤
«ካርቶኑን ከሱቅ ነው የገዛው። በደርዘን።»
እሁድ በምሳ ላይ ይህንኑ ይጣላሉ፤
አይቡን በማን ሰንጢ እንደሚቆርጡት ግን ያውቃሉ።

ከሊዮን አንድ ሰብሳቢ፣ ሙሴ ፐርዲጎን፣ መጣ፤
ነጭ ጓንት አጠለቀ፣ ማጉያ መነጽር አወጣ፤
ሰሙን አየ፣ ክሩን አየ፣ ምራቁን ዋጠ፤
«ሁለት ሺህ ዩሮ» አለ፣ «ማኅተሙ ካልተላጠ።
ከተከፈተ መቶ።»
ኦዲሎን በሩን አሳየው።

በየካቲት አርማንስ አረፈች።
ሰንጢዋ ከሽርጧ ኪስ ወጣች፣
ከመጋጠሚያዋ የዳቦ ፍርፋሪ እንደያዘች።

እኔ ተከራዩ ነኝ፣ ከግድግዳው ወዲህ፤
ፋብሪካ እጀታ አለሰልሳለሁ፣ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።
አንድ ሌሊት፣ ቀጭ።
ዝምታ።
ደግሞ፣ ቀጭ።
ከዚያ የሚቀልጥ ሰም ሸተተኝ፣ በበሩ ሥር፣ በስንጥቁ፤
ከዚያም አንድ ሽማግሌ ጣቱን ሲቃጠል፦ «ውይ!» ማለቱ።

ሙሴ ፐርዲጎን በሳምንቱ ተጠርቶ መጣ።
መስመሩን በማጉያ ቆጠረ፤ ረካ።
(የአባትና የልጅ አውራ ጣት ስንት ነው ልዩነቱ?)
በመዳፉ መዘነና «ቀለል አለኝ» አለ በማመንታቱ፤
«ቀንድ በእድሜ ይደርቃል» አለው ባለቤቱ።
ከፈለ፤ እንደ ክርስትና ሕፃን አቅፎት ወረደ፣
ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ጫማው እየራደ።

ከዚያ የኔ በር ተንኳኳ። «ሳንቲም አለህ?» አለኝ።
እዚህ ሰንጢ በነጻ አይሰጥም፤ ወዳጅነት ይቆርጣል።
ሃያ ሳንቲም ሰጠሁት።
ስልሳ ዓመት የተኛችውን፣ አንዴም ያልተነካችውን፣
በእጄ አስቀመጣት፤ አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሮ ነበር።

እንግዲህ ሙሴ ፐርዲጎን፣ ሰብሳቢው ጌታዬ፣
«ልክፈት? አልክፈት?» እያልክ ሌሊቱ ቢነጋብህ፣
አትክፈት ነው ምክሬ። ከውስጥ ያለችው ደክማለች፤
ዕድሜ ልኳን ሠርታ ሠርታ አሁን ገና ተኛች።

እኛ ዘንድ ስለት ሁለት ነው፤ የብረት አፍ፣ የአፍ ቃል፤
ካልገባ፣ ባለቤቱን ሌሊት ሌሊት ይጠይቃል።
የኔዋ ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ እንዲያው ዋለች፤
ፈርቼ ነው። ንጽሕናዋ አስፈራኝ።
ኦዲሎን ደረጃው ላይ፦ «ምን ቆረጥክባት?»
«ምንም።»
አየኝ። አባቱን ያየሁ መሰለኝ፣ ውሻ ብቻ ጎደለው።

ዛሬ ከፋብሪካው በር ቲማቲም ገዛሁ።
ለሁለት። ውሃው በስለቷ ወረደ፤
ልጠርገው ብዬ ተውኩት።
ነገ ግራጫ ነጥብ ታወጣለች፤ ብረቷ ዝገት የሚያውቅ ነው።
ወስጄ አሳየዋለሁ።